በድረ ገጽ ላይ የምንጭነውን ፋይል ማን ያየዋል?



ቀደም ባለው ጊዜ የአንድ ስደተኛ ቤተሰብ ሰነድ የሚኖረው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር። እናት በላስቲክ ጠቅልላ ከሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ቤተሰቡ ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ሊያየው የፈለገ ሰው ቢኖር በሩን አንኳኩቶ ባለቤቱን ማስፈቀድ ነበረበት። ዛሬ ግን ያው ሰነድ በስልክ ፎቶ ይነሣና በኢንተርኔት ይላካል። ት/ቤት ለምዝገባ ይፈልገዋል፤ የትምህርት ዕድል የሚሰጥ ድርጅት መታወቂያና ትራንስክሪፕት በድረ ገጹ ላይ ጫኑ ይላል፤ በውጭ ሀገር ያለ ዘመድ ለስፖንሰርሺፕ የቤተሰቡን ወረቀቶች ላኩልኝ ይላል። ይህም ከካምፕ ሳይወጡ ጉዳይን ለመጨረስ ስለሚያስችል ትልቅ ጥቅም አለው።

ይሁን እንጂ ፋይሉን ከጫንን በኋላ ብዙዎቻችን የማንጠይቀው ጥያቄ አለ። እርሱም «ይህን ፋይል ከእኔና ከላክሁለት ሰው ሌላ ማን ሊከፍተው ይችላል?» የሚለው ነው። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። የኮምፒዩተር ትምህርት ያልተማረ ወላጅም ሊከተለው እንዲችል በተቻለ መጠን በቀላል ቋንቋ ቀርቧል።

ነገሩ ለስደተኛ ለምን ይከብዳል?

ማንም ሰው ቢሆን የግል ወረቀቱ በማያውቀው ሰው እጅ ቢገባ ደስ አይለውም። የስደተኛ ወረቀት ግን ከሌላው ሰው ወረቀት የበለጠ ይናገራል። ከየት አካባቢ እንደ መጣን፣ ለምን እንደ ወጣን፣ በሀገር ቤት የቀሩት ወላጆችና ወንድሞች እነማን እንደ ሆኑ፣ አሁን በየትኛው ብሎክ እንደምንኖር፣ አንዳንድ ጊዜም ምን ሕመም እንዳለብን በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ይህ ወረቀት ሸሽተነው ከመጣነው ወገን እጅ ቢገባ ጉዳቱ በእኛ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በሀገር ቤት ላለው ቤተሰብም ሊተርፍ ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ አጭበርባሪ ነው። ስማችንን፣ የኬዝ ቁጥራችንንና የልጆቻችንን ዕድሜ የሚያውቅ ሰው ደውሎ «ሪሴትልመንታችሁ አልፏል፤ ለማስጨረሻ ይህን ያህል ገንዘብ ላኩ» ቢለን ለማመን ቅርብ ነን። የዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. አገልግሎት ሁሉ፣ ሪሴትልመንትም ጭምር፣ በነፃ የሚሰጥ መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንኳ ደዋዩ የቤቱን ዝርዝር አንድ በአንድ ሲቆጥርለት ይወናበዳል። ስለዚህ የፋይል ጉዳይ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰብ ደኅንነት ጉዳይ ነው።

ፋይል ሲጫን ምን ይሆናል?

ፋይልን መጫን ማለት ፋይሉን ከስልካችን አንሥቶ መውሰድ ማለት አይደለም። ዋናው በእጃችን ይቀራል፤ ቅጂው ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ይሄዳል። ይህ ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል። ሰርቨር ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ የሚሠራ፣ ከሩቅ ለሚጠይቁት ፋይል እያወጣ የሚሰጥ ኮምፒዩተር ነው። እኛ ካለንበት ካምፕ አጠገብ ሳይሆን በሌላ ሀገር፣ ምናልባትም በሌላ አህጉር ሊገኝ ይችላል።

እያንዳንዱ የተጫነ ፋይል አድራሻ ይሰጠዋል። በተለምዶ ሊንክ የምንለው ይህንኑ ነው። አንድ ሰው አድራሻውን በስልኩ ላይ ሲጽፍ ወይም ሲነካው ሰርቨሩ ፋይሉን ይልክለታል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሰርቨሩ የጠያቂውን ማንነት እንዲያጣራ ካልታዘዘ በስተቀር አያጣራም፤ አድራሻውን ላመጣ ሁሉ ይሰጣል።

ይህ የሆነው በምክንያት ነው። ዌብ የተባለውን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረበው እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ የሚሠራው በስዊዘርላንድ፣ በጄኔቭ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ነበር። ዓላማውም በልዩ ልዩ ሀገር ያሉ ተመራማሪዎች ጽሑፋቸውን በቀላሉ እንዲለዋወጡ ነበር። እንግዲህ ዌብ ከመነሻው የተሠራው ለመስጠት እንጂ ለመከልከል አይደለም። መከልከል ሲያስፈልግ ድረ ገጹን የሚያዘጋጀው ሰው አስቦ መጨመር አለበት። ካልጨመረው በሩ ክፍት ነው።

ቁልፍ የሚመስሉ፣ ግን ቁልፍ ያልሆኑ ነገሮች

ብዙ ድረ ገጾች የተቆለፉ ይመስላሉ፤ ሲፈተሹ ግን በሩ ገርበብ ብሎ ይገኛል። አዘውትረው የሚታዩት አምስት ናቸው።

አንደኛ፣ አድራሻውን መደበቅ። አንዳንድ ሰዎች «ሊንኩን በገጹ ላይ ስላላወጣነው ማንም አያገኘውም» ይላሉ። ይህ ቤትን ሳይቆልፉ «ቤቴ ጓሮ ስለሆነ ማንም አያውቀውም» እንደ ማለት ነው። አድራሻ ይዘዋወራል። አንዱ በቴሌግራም ለጓደኛው ይልከዋል፤ በኢንተርኔት ቤት ኮምፒዩተር ላይ ከተከፈተ በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ተመዝግቦ ይቀራል፤ በሌላ ገጽ ላይ ከተለጠፈም ጎግልና ሌሎች የፍለጋ ፕሮግራሞች ያገኙታል። ከዚህም ሌላ አንዳንድ ሰርቨሮች የፎልደሩ አድራሻ ብቻ ሲጻፍ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ስም ዘርዝረው ያሳያሉ። ይህ ዝርዝር እንዲዘጋ ካልተደረገ ተደብቋል የተባለው ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ተሰልፎ ይታያል።

ሁለተኛ፣ ተራ ቁጥር። ድረ ገጹ ለመጀመሪያው ፋይል 1001፣ ለሚቀጥለው 1002 እያለ ቁጥር የሚሰጥ ከሆነ የራሱን ሊንክ የተቀበለ ሰው የመጨረሻውን ቁጥር ለውጦ የጎረቤቱን ፋይል ሊያይ ይችላል። ይህ በትልልቅ ድርጅቶች ላይም ደርሷል። ፈርስት አሜሪካን የተባለው የአሜሪካ የቤትና የመሬት ባለቤትነት ዋስትና ኩባንያ በዚህ ዓይነት ጉድለት 885 ሚሊዮን ያህል ሰነዶችን ለማንም ክፍት አድርጎ መቆየቱ እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 ይፋ ሆነ። ሰነዶቹ እስከ 2003 ድረስ ወደ ኋላ የሚሄዱ ሲሆኑ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥር የሰፈረባቸው ነበሩ። የይለፍ ቃል የሚጠይቅ አልነበረም፤ ከሊንኩ ላይ አንድ ቁጥር መለወጥ ይበቃ ነበር። በኖቬምበር 2023 የኒውዮርክ ግዛት የፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከኩባንያው ጋር በደረሰበት ስምምነት 1 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሎታል።

ሦስተኛ፣ ገጹን ቆልፎ ፋይሉን መተው። ብዙ ት/ቤቶችና ትናንሽ ድርጅቶች ድረ ገጻቸውን የሚሠሩት ወርድፕሬስ በተባለው ፕሮግራም ነው። በወርድፕሬስ አንድን ገጽ በይለፍ ቃል መዝጋት ይቻላል። ነገር ግን በገጹ ላይ የተያያዘው ፋይል የሚቀመጠው በሌላ ቦታ፣ በዓመትና በወር በተከፋፈለ የጋራ ፎልደር ውስጥ ነው። የይለፍ ቃሉ ገጹን እንጂ ፋይሉን አይዘጋውም። የፋይሉን ቀጥተኛ አድራሻ የያዘ ሰው በገጹ በኩል ሳያልፍ ይከፍተዋል። ሳሎኑን ቆልፎ የጓዳውን በር እንደ መተው ነው።

አራተኛ፣ «አትግቡ» የሚል ማስታወቂያ። ሮቦትስ ቴክስት የሚባል ትንሽ ፋይል አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረ ሲሆን፣ ጎግልን የመሳሰሉ የፍለጋ ፕሮግራሞች የትኛውን ፎልደር እንዳይቃኙ የሚነግር ነው። ጨዋ ፕሮግራም ያከብረዋል፤ ክፉ ሰው ግን አያከብረውም። ይባስ ብሎ ይህን ማስታወቂያ ማንም ሊያነበው ስለሚችል «እዚህ ፎልደር ውስጥ አትግቡ» የሚለው ጽሑፍ ሌባውን የት እንደሚሄድ ይጠቁመዋል። በ2022 ይህ አሠራር እንደ መደበኛ ደንብ ሲጸድቅ፣ ፈቃድ መስጫና መከልከያ አለመሆኑ በራሱ በደንቡ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል።

አምስተኛ፣ የቁልፍ ሥዕል። በአንዳንድ ብራውዘሮች ላይ ከድረ ገጹ አድራሻ አጠገብ የቁልፍ ምልክት ይታያል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ይህ ድረ ገጽ የተቆለፈ ነው» ይላል። የምልክቱ ትርጉም ግን ሌላ ነው። ፋይሉ ከስልካችን ተነሥቶ ሰርቨሩ እስኪደርስ ድረስ በመንገድ ላይ ማንም ከፍቶ እንዳያነበው ታሽጎ መሄዱን ብቻ ያመለክታል። ከደረሰ በኋላ ለማን እንደሚሰጥ ምልክቱ አይናገርም። የታሸገ ደብዳቤ ደርሶ በአደባባይ ሊለጠፍ ይችላል።

እውነተኛው ቁልፍ የትኛው ነው?

እውነተኛ ቁልፍ የሚባለው ሰርቨሩ ፋይሉን ከመስጠቱ በፊት፣ በእያንዳንዱ ጊዜ፣ ሁለት ነገር ሲያጣራ ነው። የመጀመሪያው «ጠያቂው ማን ነው?» የሚለው ነው። ለዚህ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ያገለግላሉ። ሁለተኛው «ይህ ሰው ይህን ፋይል እንዲያይ ተፈቅዶለታል ወይ?» የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ይለያያሉ። አንድ ተማሪ በራሱ ስምና በይለፍ ቃሉ ገብቶ የራሱን ውጤት ማየቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ያው ተማሪ ከገባ በኋላ የክፍል ጓደኛውን የሕክምና ወረቀት መክፈት ከቻለ ድረ ገጹ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠይቆ ሁለተኛውን ረስቷል ማለት ነው።

ሰርቨሩ ሲከለክል በቁጥር ይናገራል። 401 ሲል «በመጀመሪያ ማንነትህን አሳውቅ» ማለቱ ነው። 403 ሲል «ለዚህ አልተፈቀደልህም» ማለቱ ነው። 404 ደግሞ «እንዲህ ያለ ነገር እዚህ የለም» ማለት ነው። ጠንቃቃ የሆኑ አንዳንድ ድረ ገጾች ፋይሉ እያለ እንኳ ላልተፈቀደለት ሰው 404 ይመልሳሉ፤ ይህም ፋይሉ መኖሩ ራሱ ምስጢር ሲሆን ነው።

የኮምፒዩተር ክበብ ተማሪዎች ድረ ገጽ ስትሠሩ ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን አትርሱ። የግል ፋይሎችን ድረ ገጹ በቀጥታ ከሚያሳየው ፎልደር ውጭ አስቀምጡ፤ ፈቃድ የሚያጣራ ፕሮግራም ብቻ እያወጣ ይስጥ። ለፋይሉ በተራ ቁጥር ወይም በተማሪው ስም ፈንታ ረጅምና በዕጣ የወጣ ስም ስጡት፤ ይህ ግን ተጨማሪ መከላከያ እንጂ ዋናው ቁልፍ አይደለም። ለውጭ ሰው ፋይል መስጠት ሲያስፈልግ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በራሱ የሚዘጋ ሊንክ ስጡ። የፎልደር ዝርዝር የሚያሳየውን አሠራር ዝጉ። አፓቺ በተባለው ሰርቨር ላይ ኤችቲአክሰስ በሚባል ትንሽ ፋይል አንድን ፎልደር መቆለፍ ይቻላል፤ ኢንጂን ኤክስ የተባለው ሰርቨር ግን ይህን ፋይል ፈጽሞ አያነበውም። አንድ ድረ ገጽ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ሲዛወር ቁልፉ ማንም ሳያውቅ ሊወልቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የይለፍ ቃልም ቁልፍ የሚሆነው ለአንድ ሰው ሲሆን ነው። ለ300 ወላጆች አንድ የይለፍ ቃል ቢታደል ለሕዝብ እንደ ታወጀ ይቆጠራል። ከመካከላቸው አንዱ ለማያገባው ሰው ቢሰጥ ማን እንደ ሰጠ አይታወቅም። እንዲሁም አንድ መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ ፈቃዱ በዚያው ቀን መሰረዝ አለበት። የቢሮ ቁልፍ አስረክቦ እንደሚሄድ ሁሉ የኮምፒዩተሩንም ማስረከብ ይገባዋል።

በጎግል ድራይቭ ለምትጠቀሙ

ከመካከላችን ብዙዎቻችን የራሳችን ድረ ገጽ የለንም፤ ሰነዶቻችንን የምናስቀምጠው በጎግል ድራይቭ ነው። በዚያ የሚቀመጥ ፋይል እኛ ለሌላ ሰው እስካላጋራነው ድረስ ለሌላ ሰው አይታይም። ስናጋራ ግን ሁለት መንገድ ይቀርብልናል። አንዱ የሰውየውን ኢሜይል ጽፈን ለእርሱ ብቻ መፍቀድ ነው። ሌላው «ሊንኩን የያዘ ሁሉ ይይ» የሚለው ነው። ሁለተኛው ስለሚቀልል ብዙ ሰው ይመርጠዋል፤ የወረቀቱ ባለቤት ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሊንኩ ማን ዘንድ እንደ ደረሰ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ መታወቂያ፣ የኬዝ ወረቀት፣ የሕክምና ማስረጃና የልጆች ፎቶግራፍ በኢሜይል ለታወቀ ሰው ብቻ ይፈቀድ። ለማየት ብቻ እንጂ ለማረም አትፍቀዱ፤ ለማረም የተፈቀደለት ሰው በወረቀታችሁ ላይ ሊጽፍና ሊሰርዝ ይችላል። ፎልደርን ስታጋሩም አስቡ። ክፍት በሆነ ፎልደር ውስጥ የሚገባ አዲስ ፋይል እንደ ፎልደሩ ክፍት ይሆናል። ዛሬ ለቀልድ ፎቶዎች የከፈታችሁት ፎልደር ውስጥ ነገ መታወቂያችሁን ብትጥሉ እርሱም አብሮ ይወጣል። ጉዳዩ ሲያልቅም ተመልሳችሁ ፈቃዱን አንሡ።

በፎቶ ኮፒ ቤት ወይም በኢንተርኔት ቤት ሰነድ ስካን የምታደርጉ ደግሞ ሥራችሁ ሲያልቅ ፋይሉን ከኮምፒዩተሩ ላይ አጥፉ፤ ከኢሜይላችሁም በትክክል ውጡ። ከእናንተ በኋላ የሚቀመጠው ሰው ምንም ቁልፍ ሳይሰብር በተከፈተው በር ሊገባ ይችላልና።

በሩ መዘጋቱን ራሳችሁ ፈትሹ

ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። በመጀመሪያ የጫናችሁትን ፋይል ክፈቱና ከላይ ያለውን አድራሻ ቅዱ። ገጹን ሳይሆን የራሱን የፋይሉን አድራሻ መሆን አለበት። ከዚያ አድራሻውን በራሳችሁ ስም ባልተገባበት ብራውዘር ላይ ለጥፉ። ለዚህ አብዛኞቹ ብራውዘሮች የግል መስኮት የሚባል አላቸው፤ የወንድማችሁ ስልክም ይበቃል። ፋይሉ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ከተከፈተ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው ማለት ነው። የመግቢያ ገጽ ከመጣ ወይም 403 ካለ ቢያንስ የመጀመሪያው በር ተዘግቷል። ይህ ፈተና ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከእያንዳንዱ ጭነት በኋላ ቢደረግ ይጠቅማል።

ክፍት ሆኖ ቢገኝስ?

የራሳችሁ ፋይል ከሆነ በመጀመሪያ ዝጉት ወይም አጥፉት። ቀጥሎ ሊንኩን ለነበራቸው ሰዎች ንገሩ፤ አዲስ ቅጂ ሲያስፈልግም በአዲስ አድራሻ ጫኑ። በጎግል ፍለጋ ላይ ወጥቶ ከሆነ ጎግል ውጤቱ እንዲነሣ ማመልከቻ የሚቀበልበት ገጽ አለው። ቀደም ብሎ ያወረደው ሰው ካለ ግን ከእርሱ እጅ ማስመለስ አይቻልም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው። የት/ቤት ወይም የድርጅት ድረ ገጽ ከሆነ አድራሻውንና ያያችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ለኃላፊው አስታውቁ።

ተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። በካናዳ፣ በኖቫ ስኮሺያ ግዛት አንድ የ19 ዓመት ወጣት የመንግሥት የመረጃ ድረ ገጽ ፋይሎቹን በተራ ቁጥር እንደሚያስቀምጥ ተመልክቶ 7,000 ያህል ፋይሎችን አወረደ። አብዛኞቹ ለሕዝብ የተፈቀዱ ነበሩ፤ 250 ያህሉ ግን የሰዎች የግል መረጃ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ፖሊስ ቤቱን ፈትሾ ያዘው። በሜይ ወር ክስ እንደማይመሠረትበት ተነገረ፤ ጥፋቱ በሩን ክፍት የተወው ድረ ገጽ መሆኑን ብዙዎች ተናገሩ። ቢሆንም ወጣቱና ቤተሰቡ ያን ያህል ሰንብተው ተጨነቁ። መኖሪያ ፈቃዱ በሰው እጅ ያለ ስደተኛ ልጅ ከዚህ የከፋ ሊያጋጥመው ይችላል። ስለዚህ ክፍት በር ካያችሁ አትግቡ፣ አታውርዱ፣ ለጓደኛም አትላኩ፤ ለመምህራችሁ ንገሩ።

ወላጅ የመጠየቅ መብት አለው

«እኛ ስደተኞች ነን፤ ምን ብለን እንጠይቃለን?» የሚል ወላጅ ይኖራል። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ወጥቷል። ሕጉ የሚጠብቀው ዜጋውን ብቻ ሳይሆን በሀገሪቱ የሚገኘውን ሰው ነው። መረጃው ለምን እንደሚውል የማወቅ፣ የተያዘውን የማየት፣ ስህተቱን የማሳረም መብት ይሰጣል፤ የልጅን መረጃ ለመጠቀምም የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ይጠይቃል። ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሕግም አይደለም። በሴፕቴምበር 2023 የሀገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር መሥሪያ ቤት የተማሪዎችን ፎቶግራፍ ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ ያወጣን አንድ ት/ቤት 4 ሚሊዮን 550 ሺህ የኬንያ ሽልንግ ቀጥቷል። ዩጋንዳም በዚያው በ2019 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታለች። በኢትዮጵያ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. በበኩሉ የስደተኞችን የግል መረጃ ስለ መጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2015 ፖሊሲ ያወጣ ሲሆን፣ በ2022 ሌላ አጠቃላይ ፖሊሲ አክሏል።

ስለዚህ ማንም «የልጅህን ወረቀት በድረ ገጻችን ላይ ጫን» ሲላችሁ በትሕትና እነዚህን ጠይቁ፦ ወረቀቱ ለምን ጉዳይ ይፈለጋል? እነማን ያዩታል? ፋይሉን ለመክፈት የይለፍ ቃል ያስፈልጋል ወይ? ጉዳዩ ሲያልቅ ይጠፋል ወይስ ይቀመጣል? መልስ የሚሰጥ ቢሮ አስቦበታል ማለት ነው። መልስ ከሌለው ወረቀቱን በእጅ ይዞ መቅረብ ይቻል እንደ ሆነ ጠይቁ።

ቁልፍም ያረጃል

በመጨረሻ፣ በሚገባ የተቆለፈ ነገርም ለዘላለም ተቆልፎ እንደማይኖር ማወቅ ያስፈልጋል። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በጦርነት፣ በስደትና በአደጋ የተለያዩ ቤተሰቦችን የሚያገናኝበት አገልግሎት አለው። ከእኛ መካከልም በዚህ አገልግሎት ዘመዱን ያፈላለገ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ኮሚቴው እንዳስታወቀው ጥቃት አድራሾች ሰርቨሮቹ ውስጥ ገብተው ከ60 ያላነሱ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት የሰበሰቡትን ከ515,000 የሚበልጡ ሰዎች መረጃ ደርሰውበታል። የገቡት በኖቬምበር 9 ቀን 2021 ሲሆን፣ እስኪታወቅ 70 ቀናት አልፈዋል። የገቡበት ቀዳዳ በአንድ የመግቢያ ፕሮግራም ላይ የተገኘ ሲሆን፣ መድፈኛው ማሻሻያ በጊዜው አልተጫነም ነበር። ኮሚቴው ነገሩን ራሱ ለሕዝብ መግለጹ የሚያስመሰግነው ነው፤ እኛ ግን ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ድረ ገጽ የሚያስተዳድር ሰው ቁልፉን ገጥሞ መሄድ አይችልም፤ ማሻሻያ በወጣ ቁጥር ሳይውል ሳያድር መጫን አለበት።

ለእኛ ለተራዎቹ ተጠቃሚዎች ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ቁልፍ አለመጫን ነው። ለጉዳዩ አንድ ገጽ ከበቃ አሥሩን ገጽ አትጫኑ። የልጁ የምስክር ወረቀት ብቻ ከተጠየቀ የቤተሰቡን የኬዝ ወረቀት አብራችሁ አታያይዙ። ያልተጫነ ፋይል በማንም ሰርቨር ላይ ሊከፈት አይችልም። መጫን የግድ ሲሆን ግን ለማን እንደምትፈቅዱ እወቁ፤ ቀጥተኛውን አድራሻ በሌላ ስልክ ፈትሹ፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ፈቃዱን አንሡ። ወላጆች ይህን ለማድረግ ስልኩ ካስቸገራቸው ልጆቻችሁ ከአጠገባችሁ አሉ። ልጆችም ዛሬ ማታ ከእናትና ከአባታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እስከ ዛሬ የተጫኑትን ሰነዶች ቁጠሩ፤ ክፍት ሆኖ ያገኛችሁትን ሳይቃጠል በቅጠል ዝጉት።